አሥሩ የት ገቡ?

አንድ የልጅነት ወዳጄ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዛ። ደጃፉ ላይ አንድ ዛፍ ብቻ የምትችል ቁራጭ መሬት አለችው። በስልክ ስናወጋ፣ «ያንን ዋሽንግተን ያለውን የጃፓን ቼሪ ልተክል ነው፤ ጎረቤቶቼም የተከሉት እሱን ነው» አለኝ። እኔም «ተው!» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ፤ ሙግቱ ግን ስላልተዘጋልኝ እነሆ ለአንባቢ አቀረብኩት።

ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሰው አበባውን ቢያንስ በፎቶግራፍ ያውቀዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የቶኪዮ ከተማ ለዋሽንግተን 3,020 የቼሪ ዛፎች በስጦታ ላከች። ዝርያቸው 12 ነበር። ከነዚህ ውስጥ 1,800ው ሶሜይ-ዮሺኖ፣ 350ው ደግሞ ካንዛን የሚባሉት ናቸው። ዛሬ በዚያ ሠፈር የነገሡት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ለመሆኑ አሥሩ የት ገቡ? ፎቶግራፍ ከላኩልኝ ሰዎች አንድም ይህን የጠየቀ የለም።

ሶሜይ-ዮሺኖ አያምርም የሚል ካለ ዓይኑን ይመርመር። ቅጠል ሳያወጣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ሲያብብ ደመና መሬት የወረደ ይመስላል። ዳሩ ግን እነዚያ ሁሉ ዛፎች አንድ ዛፍ ናቸው! ከዘር የበቀሉ አይደሉም፤ የአንዱ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በሌላ ቼሪ ግንድ ላይ እየተጣበቀ የተባዙ ናቸው። ባንድነት የሚፈነዱት፣ ባንድነትም የሚረግፉት ለዚህ ነው። አንዱን የጣለ በሽታም ሌላውን የሚምርበት ምክንያት የለውም።

«ታዲያ ውበቱ አንድ ላይ ማበቡ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ለወንዝ ዳር፣ እሺ! ሺህ ዛፍ ለሚተክል ከተማ ይሁን። አንድ ዛፍ ብቻ ለሚተክል ሰው ግን ምን ይፈይድለታል? የጎረቤቱ ሲያብብ ያብባል፣ የጎረቤቱ ሲረግፍ ይረግፋል። አለቀ።

እንግሊዞችም ያው ናቸው። የከተማ ዳር ሠፈሮቻቸውን በካንዛን ሞሉት፤ ድርብርብ፣ ደማቅ ሮዝ፣ የሠርግ ቤት የወረቀት አበባ የመሰለ! በዚህ ከተማረሩት አንዱ ኬንት ውስጥ ቼሪ ሲሰበስብ የኖረው ኮሊንግውድ ኢንግራም ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓን ድረስ ሄዶ፣ ጃፓኖችን ጥንታዊ ዝርያዎቻችሁ እየጠፉባችሁ ነው ብሎ አስጠነቀቃቸው። (ለባለ አገሩ የገዛ ዛፉን ጉዳይ መንገር ድፍረት ይጠይቃል።) እዚያው አንድ አሮጌ ሥዕል አሳዩት። ትልቅ ነጭ የቼሪ አበባ ነው፤ ከአገራችን ጠፍቷል አሉት። እሱ ግን ያንኑ አበባ ሰሴክስ ውስጥ ሊሞት ከተቃረበ ዛፍ ቅርንጫፍ ወስዶ በግቢው እያሳደገው ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1932 ወደ ጃፓን መለሰው። ታይሃኩ የሚባለው እሱ ነው፤ ትርጉሙም ታላቁ ነጭ ማለት ነው።

ታይሃኩም ቢሆን ከአንድ ዛፍ የተባዛ ነው የሚል ብልጥ ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ጎረቤቱ ያልተከለውን ባይተክል ኖሮ ያ አበባ ዛሬ ሥዕል ብቻ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ምርጫ አጣሁ አትበለኝ። ቦታ ከጠበበህ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ የሚያድገው አማኖጋዋ አለልህ። ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ብርዱ ጋብ ባለ ቁጥር በትንሽ በትንሹ የሚያብብም አለ። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ኡኮንን ትከል፤ አበባው ነጭም ሮዝም አይደለም፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ያ ከ12ቱ ጋር ያልመጣ ዝርያ ደጃፍህ ላይ ሲያብብ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ስሙን ይጠይቅሃል። ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ስጠው። በብርድ ወራት አትግረዘው፤ የብር ቅጠል የሚሉት የፈንገስ በሽታ በቁስሉ ይገባል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ግረዘው። ችግኝ ሻጩ «ካንዛን ብቻ ነው ያለኝ» ካለህም፣ አስመጣልኝ በለውና ጠብቅ።