ሞተሩ ተቀየረ፤ ጌጁስ?

እንደሚታወቀው በአገራችን መኪና በቀላሉ አይሞትም። ሌላ አገር ቢሆን ተጨፍልቆ ብረት የሚሆነው የጭነት መኪና እኛ ዘንድ ሞተሩ ይወርድና ሌላ ሞተር ይጫንለታል፤ ሞተሩ ሲደክም ሞተሩ፣ ካምቢዮው ሲደክም ካምቢዮው እየተቀየረ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። "ኤንትሬ" እያልን የምንጠራው የጣሊያኑ ፊያት 682 ስሙ እስከ ዛሬ ከሹፌሮች አፍ ያልጠፋው በዚህ ብልሃት ነው። የመካኒኮቻችን ሙያ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሞተር ሲቀየር ስለ ዋጋው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታው ብዙ ይወራል፤ ሞተሩ ደኅና መሆን አለመሆኑን ለሹፌሩ ስለሚነግረው ጌጅ ግን የሚያነሳ የለም።

ለጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ቡለቲን ስለ ጌጅ መጻፍ ምን አመጣው የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔ ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በአዋሽ፣ በአዳማና በቢሾፍቱ የሚመጣው ጭነት ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ሲያልፍ የኖረው በእኛ ደጅ ነው። ጎረቤቶቼ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና መካኒኮች ናቸው። እኛ ሰፈር "ሞተር ነከሰ" ማለት የአንድ ቤት እንጀራ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የብረት ወሬ ብቻ አይደለም።

ጊዜውም አስገዳጅ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ መለዋወጫው ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። በዚህ ላይ አንድ ባለ አሮጌ አይሱዙ ሌላ መኪና ግዛ ቢባል በምን አቅሙ? ያለው ምርጫ ያገለገለ ሞተር ፈልጎ መጫን ነው። የአጎቴም ምርጫ ይኸው ሆነ። የእቁብ ብር ተጠራቀመ፣ ዘመድ ተበደረ፣ ከቀድሞው የተለየ፣ ቱርቦ ያለው ሞተር ተገዛ። ሞተሩ ሲመጣ ግን ብቻውን ነው የመጣው፤ ዳሽቦርዱም፣ ሽቦውም፣ ጌጁም ከኋላው አልተከተሉትም።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ሄደን በሌሊት ሰማያዊ የሚያበሩ አዳዲስ ክብ ጌጆች ገዝተን እንደርድር አለ። አጎቴ "የፋብሪካው ጌጅ እያለ ምን ያስወጣናል? ይኸው ተቀምጧል አይደል!" አለ። ሞተሩን የጫኑት ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ሁለቱንም ሰምተው ሳቁ። "ልጆቼ፣ ሹፌር ሞተሩን በጆሮው ነው የሚያውቀው" አሉ። እኔን ግን አጎቴ "አንቺ ደግሞ ጋዜጠኛ ነሽ፣ እስቲ ፍረጂ" አለኝ። እንግዲህ ፍርዴ ይኸው፤ ከእሳቸው ጋር ተሟግቼ፣ አንብቤና ጠይቄ የደረስኩበት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ። ጌጅ ብቻውን ምንም አያውቅም። ሞተሩ ላይ የተጠመደ ሴንሰር አለ፤ እሱ የሚልከውን ተቀብሎ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። የሙቀቱን ብንወስድ፣ ውሃው ሲሞቅ የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መከላከል ይቀንሳል፣ ቀስቱም ይወጣል። ስንት ኦም ሲሆን ቀስቱ የት ይቁም የሚለውን የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ሁሉም በየራሱ ልክ ይሠራል። የነዳጁ ጌጅ ለምሳሌ በአውሮፓ ከተለመዱት ዓይነቶች አንዱ ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው ግን ተገላቢጦሽ፣ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ነው። ሁለቱን ብታጋቡ ሙሉው ባዶ፣ ባዶው ሙሉ ይመስላል። እንግዲህ ባልና ሚስቱ ጌጁና ሴንሰሩ ናቸው እንጂ ጌጁና ሞተሩ አይደሉም።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። የአጎቴ "ይኸው ተቀምጧል" ግማሽ እውነት ነው። የፋብሪካው ጌጅ ተቀምጧል፤ ግን አዲሱ ሞተር ላይ ካለው ሴንሰር ጋር ከተያያዘ የሚናገረው የማያውቀውን ቋንቋ ነው። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ይሠራል ይባላል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ይኸ ነው። ጌጁ ጨርሶ ከሞተ ሹፌሩ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል፤ የሚዋሽ ጌጅ ግን ሹፌሩን ያስተኛዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ አስቡት፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣ መንገድ ነው። ጭነት ተሸክሞ ያን ዳገት የሚወጣ ሞተር ውሃው ሲፈላ ቀስቱ መሐል ላይ ቆሞ "ሰላም ነው" ካለ፣ ሹፌሩ የሚነቃው ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ፣ ቴስታታው ከተጣመመ በኋላ ነው።

"ጆሮ ይበቃል" ያሉትን ሽማግሌ አከብራቸዋለሁ፤ ጆሯቸውን በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ይቻላል፣ ሞተሩ ሳይከፈት በሽታውን ይነግሩታል። ነገር ግን ጆሮ የሚሰማው ችግሩ ድምፅ ሲያወጣ ነው። ዘይት ግፊቱ ሲወርድ ኩሽኔታው እስኪበላ ድረስ ድምፅ የለም፤ ድምፁ ሲመጣ ነገሩ አልቋል። ደግሞስ መኪናውን ሁልጊዜ እሳቸው ይነዱታል ወይ? ነገ የሚይዘው በቅርብ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ተቀጣሪ ወጣት ነው። የሠላሳ ዓመት ጆሮ ከመኪናው ጋር አይሸጥም።

የአጎቴ ልጅስ? እሱም ግማሽ እውነት ይዟል። ለብቻው የሚሸጠው ጌጅ ትልቁ ጥቅሙ የራሱን ሴንሰር ይዞ መምጣቱ ነው፤ ጥንዱ አይለያይም። ግን ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ጌጅ ቢገጠምባቸው ወይ ይቃጠላል ወይ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ የሞተር ዙር የሚቆጥረው ጌጅ ለቤንዚን ከተሠራ ምልክቱን የሚወስደው ከካንዴላው እሳት መስመር ነው፤ ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ ከዲናሞው ወይም ከቮላኖው የሚያነብ ዓይነት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የዘይቱን ግፊት በቀጭን ቱቦ ዘይቱን እስከ ጋቢና አምጥቶ የሚለካ አለ፤ ከኤሌክትሪክ ነፃ ስለሆነ እምነት ይጣልበታል፤ ቱቦው በደንብ ካልታሰረ ግን ትኩስ ዘይት እግር ላይ ይረጫል። ሰማያዊ መብራቱ ከእነዚህ የትኛውንም አይመልስም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? በበኩሌ የፋብሪካው ይቅደም እላለሁ፤ ግን ከነሴንሰሩ። አሮጌው ሞተር ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት የሙቀቱና የዘይቱ ሴንሰር ተፈትቶ ይቀመጥ፤ ጥርሱ አዲሱ ሞተር ላይ አልገጥም ካለ ቶርኖ ቤት ማገናኛ ይሠራለታል። አቃቂ ላይ ቶርኖ ቤት መቼም አይቸግርም። የነዳጁ ጌጅ ሴንሰሩ ሰርባቶዮው ውስጥ ስለሆነ ሞተር በመቀየሩ አይነካም፤ አትንኩት። ካምቢዮው ወይም የጎማው መጠን ከተቀየረ ግን የፍጥነቱ ጌጅ ይሳሳታልና ይታይ፤ የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ቢጨምር 80 የሚለው ጌጅ እውነቱ 84 ነው። የገበያውን ጌጅ የምንገዛው አሮጌው ሞተር ላልነበረው ነገር ብቻ ይሁን፤ ቱርቦ ከመጣ ለቱርቦው ግፊትና ለጭስ ማውጫው ሙቀት። አጎቴም በመጨረሻ ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ ሁለት ማገናኛ አስቀረጸ፣ አንድ ጌጅ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ፈተና ያስፈልጋል። ሴንሰሩን በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አድርጎ ማፍላትና ቀስቱን ማየት ማንም የሚችለው ነው። ቴርሞሜትሩን ግን አትተዉት። "ውሃ ሲፈላ 100 ዲግሪ ነው" ብሎ በዚያ ምልክት የሚያደርግ ሰው አለ፤ ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው እውነት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው አቃቂ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የ7 ዲግሪ ስህተት ሰመራ ላይ በቀትር ትንሽ አይደለም። ሌላም አለ፤ ራዲያተሩ አፍስሶ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ የሚነካው ውሃ ስለሌለ ቀስቱ ሊወርድ ይችላል። በድንገት የወረደ ቀስት የምሥራች አይደለም፤ ቁም ማለት ነው።

ሕጉንም ማንሳት ተገቢ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን፤ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍረው በከንቱ አይደለም። ሞተር የቀየረ ሰው ቁጥሩን ለማስተካከል መሄዱ ካልቀረ፣ በዚያው አጋጣሚ "ጌጁ ከአዲሱ ሞተር ጋር ይናበባል ወይ?" ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ቦሎ የተለጠፈበት መስታወት ሥር የሚዋሽ ጌጅ መቀመጥ የለበትም ባይ ነኝ።

ወደ እኛ ሙያ ልምጣና ላብቃ። በክፍል ውስጥ ዜና ለኅብረተሰቡ ምን እንደሚያደርግ እንማራለን። ጌጅም ለሹፌሩ ሥራው ያው ነው፤ የማይታየውን ያሳየዋል። ሞተሩን ከጌጁ የነጠለ ባለ መኪና እውነቱን ከሚነግረው ነገር ነው የተለያየው። ከመካከላችሁ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ወንድሙ መኪና ያለው አይጠፋም። በሚቀጥለው ዕረፍት ቤት ስትሄዱ ጋቢና ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን አዙሩና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይኼ ቀስት የሚያወራው ስለየትኛው ሞተር ነው?" መልስ ከጠፋ ሥራ አለ ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።