የሮሜዎና የዡልየት ደም በማን እጅ ነው?

ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች፥ ትምህርቱ «የወላጁን ፈቃድ የጣሰ ልጅ መጨረሻው ይህ ነው» የሚል ነው ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1562 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በእንግሊዝኛ ግጥም ያወጣው አርተር ብሩክም በመቅድሙ ወጣቶቹን የወቀሰው በዚሁ ነበር። ሼክስፒር ግን ታሪኩን ከእርሱ ሲወስድ ወቀሳውን ተወው።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። የሞንታግና የካፑሌት ቤቶች ስለ ምን እንደ ተጣሉ በቴአትሩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረም፤ የተነገረው ጠቡ የቆየ መሆኑ ብቻ ነው። ዡልየት 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አባቷ «ፓሪስን ካላገባሽ ከቤቴ ውጪ፥ በጎዳናም ሙቺ» ብሎ ያስፈራራታል። ለእንዲህ ያለ አባት ምስጢሯን እንዴት አድርጋ ትግለጥለት?

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በዕድል ያሳብባሉ። በእርግጥ ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ሳይደርስ ቀርቷል። ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች ታርቀው ቢሆን ኖሮ የምስጢር ደብዳቤ ባላስፈለገም ነበር።

የቬሮናው መስፍን ኤስካለስ እንኳ ጠቡን ችላ በማለቱ ሁለት ዘመዶቹን ማጣቱን ተናግሮ፥ ራሱን ከተቀጡት ጋራ ይቈጥራል። ገዢው ያመነውን በደል እኛ በሙታኑ ልጆች ላይ ለምን እንጭናለን? አባቶቹ በመጨረሻ ተጨባብጠው ለልጆቻቸው የወርቅ ሐውልት ሊያቆሙ ቃል ይገባባሉ። የዕርቁ ጊዜ ግን ልጆቹ በሕይወት ሳሉ ነበር።