የአባባ ካሴቶች ይጣሉ ወይስ ይቀመጡ?

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ከመተማ ዮሐንስ የደረሰኝን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው አያት ናቸው። ስሜ አይውጣ ስላሉ እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «አባባ» እላቸዋለሁ። አባባ በሰሊጥ እርሻና በንግድ በኖሩባቸው ዓመታት ከገላባት ገበያ ዴክ ገዝተው ነበር፤ ከዴኩ ጋር የጀመራቸው ካሴት የመሰብሰብ አመልም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ቪዲዮ ቤቱ ሁሉ የህንድ ፊልምና ራምቦ በሚያሳይበት ዘመን እሳቸው የሚያድኑት ጭራቅ ያለበትን፣ ከሌላ ዓለም ፍጡር የሚመጣበትን፣ በተለይም ጥቁርና ነጩን ነበር። ብዙዎቹ ካሴቶች ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ አላቸው። ሁለት የቆርቆሮ ሣጥን ሞልተዋል።

አሁን ልጃቸው ቤቱን ሊያድስ ነው። «ይኼን ኮተት እናውጣው፤ ደግሞስ ልጆቹ የሚያስፈራ ነገር አነሳቸው ወይ?» አላቸው። አባባ የሚጠይቁኝ ካሴቶቹ በዚያ ሙቀት ይተርፉ እንደሆነና ለስድስት ዓመቱ ወንድና ለአሥራ አንድ ዓመቷ ሴት ልጅ ማሳየት ነውር እንደሆነ ነው።

ከልጃቸው ጥያቄ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነውና። ልጁ እውነት አለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ስንቱ ስደተኛ በመተማ በኩል እንደገባ እነዚህ ሕፃናት በዓይናቸው አይተዋል። የተኩስ ድምፅ ያውቃሉ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሰው ታገተ ሲባልም ይሰማሉ። የዚያ አካባቢ ልጅ ፍርሃትን ለመተዋወቅ ፊልም አያስፈልገውም።

ነገር ግን ልጆችን የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ ወላጅ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ይፈልገዋል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጆአን ካንተር ልጆች ከፊልምና ከቴሌቪዥን ስለሚይዛቸው ፍርሃት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ትንንሾቹ የሚፈሩት መልኩን ነው። «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» በሚባለው ተከታታይ ፊልም ደጉ ሰውዬ ወደ አረንጓዴው ግዙፍ ሲለወጥ ሕፃናቱ በጣም ይደነግጡ ነበር፤ ግዙፉ የተቸገረ ሰው የሚረዳ መሆኑ አያጽናናቸውም። «ውሸት ነው እኮ» ማለትም ለእነሱ ብዙ አይፈይድም። ልጆች ከሰባት፣ ከስምንት ዓመት ሲያልፉ ነገሩ ይገለበጣል። ጭራቁ እየቀለለ ይሄዳል፤ የሚያስፈራቸው በእነሱም ላይ ሊደርስ የሚችለው ነገር ይሆናል።

ስለዚህ አባባ፣ ለስድስት ዓመቱ ልጅ ፍራንከንስታይንን አያሳዩት። እርስዎ ስለለመዱት ያስቅዎት ይሆናል፤ እሱ የሚያየው ግን ፊቱ የተሰፋ ሰው ነው። ለአሥራ አንድ ዓመቷ ግን የ1931 ጭራቅ እንቅልፍ አይነሳትም (የውጭ ፊልሞችን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንቅልፍ የሚነሳት ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ በሚያየው ድራማ ውስጥ ያለው እገታ ነው። በአጎቷ ስልክ ላይ የምታየው የእውነት ሬሳ ነው። ለመሆኑ እሱን የከለከለ አለ? ልጅዎ ሣጥኑን ከማውጣቱ በፊት ስልኩን ቢፈትሽ እመርጣለሁ።

የድሮ አያቶች ይህን ያውቁ ነበር። የጅቡንና የጭራቁን ተረት የሚነግሩት ልጁ ታፋቸው ላይ ተቀምጦ ነው። ጭንቅላቱን ጋቢ ውስጥ ሲቀብር ቆም ይላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካስፈለገም ጅቡን ገደል ይከቱታል። የአባባም ካሴት ከዚያ ተረት ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። ፊልሙን ሃያ ጊዜ አይተውታል፤ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ዴኩ ላይ ማቆሚያ ቁልፍ አለ። ስልኩ ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላውን በራሱ ያመጣል። በጠራራ ቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ከሆነ አንድ ፊልም ለልጅቱ አይበዛባትም።

ከላኩልኝ ዝርዝር ውስጥ እኔ የምጀምረው በ1951ዱ «ዘ ዴይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» ነው። ከሌላ ዓለም የመጣው እንግዳ ዋሽንግተን ላይ ያርፋል፤ ገና ከመንኮራኩሩ ሲወርድ የፈራ ወታደር ይተኩስበታል። የመጣው ግን የሰው ልጅ መሣሪያውን እንዲያስብበት ሊያስጠነቅቅ ነው። እንግዳ በሚበዛባት የድንበር ከተማ ላደገች ልጅ ከዚህ ፊልም ብዙ ወሬ ይወጣል። ቀጥሎ የ1954ቱ የጃፓን «ጎድዚላ» ይሁን። ጃፓኖች ያንን ፊልም የሠሩት አቶሚክ ቦምብ ከወደቀባቸው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቦምብ ሙከራ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሠራተኞችን በመርዛማ አመድ ጎድቶ ነበር። ከተማ ሲቃጠል፣ ሆስፒታል በቁስለኛ ሲሞላ ያሳያል። አውሬው የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ ሐዘኑ ግን የእውነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ደግመው ይዩትና ልጅቱን ስለሚያውቋት ይወስኑ።

ሁለቱን ግን ይቆልፉባቸው። የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በቪዲዮ ቤት ያደግነውን ሁሉ «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ የሚያፈርስ ነው። አክተሩ ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ያድራል፤ ጠዋት ሊያድኑ የመጡ ታጣቂዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ይገድሉታል። ታላቅ ፊልም ነው፤ ለልጅ ግን አይደለም። «ዘ ኤክሶርሲስት»ም እንዲሁ። ጸበል ቦታ ሰው ሲጮህ ያየች ልጅ እሱን እንደ ልብ ወለድ አታየውም።

ወደ ካሴቶቹ ልመለስ። የሰብሳቢ አመል እንደ እብደት ይቆጠራል፤ ግን ስንት ፊልም የተረፈው በእንደዚህ ዓይነት ሰው ቤት ነው። ስለ ደም መጣጩ የሚተርከው የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» በ1922 ሲወጣ ታሪኩ ያለ ፈቃድ ከ«ድራኩላ» መጽሐፍ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ዛሬ የምናየው ከትእዛዙ ያመለጡ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው። ስለ መጪው ዘመን ከተማ የተሠራው «ሜትሮፖሊስ» (1927) ብዙ ክፍሉ ተቆርጦ ጠፍቶ ነበር፤ በ2008 በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ ሙዚየም ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል የጠፋ ትዕይንት የያዘ ቅጂ ተገኘ። የቅጂው ዘር በአንድ ሰብሳቢ እጅ የቆየ ነበር። አፍሪካም ድርሻ አላት። የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልሙን ብዙ ክፍሎች ራሱ አጥፍቷቸው ነበር፤ ዘጠኙ በናይጄሪያ ጆስ ከተማ የቴሌቪዥን ጣቢያ መደርደሪያ ላይ መገኘታቸው በ2013 ተነገረ።

በአማርኛ የሚነገር፣ እዚሁ አገራችን የተቀረጸ የሳይንስ ልብ ወለድም አለ። በ2015 የወጣው የሚጌል ያንሶ «ክራምስ» ነው፤ ዳንኤል ታደሰ በመሪ ተዋናይነት ይጫወትበታል። ከዓለም ጥፋት በኋላ የቀሩ ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ሲያገላብጡ ያሳያል። አባባ ቢያዩት ይስቃሉ።

እውነቱን ልናገር፦ በአባባ ሣጥን ውስጥ ዓለም ያጣው ፊልም አለ ብዬ አላምንም። በዝርዝሩ ያሉት ሁሉ በሌላ ቦታ በተሻለ ጥራት ይገኛሉ። ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ እግረ መንገዳቸውን የጻፏት አንዲት መስመር አለች። በሁለቱ ካሴቶች ትርፍ ክር ላይ የልጃቸው ክርስትና ተቀርጿል፤ የሟች ባለቤታቸው ድምፅም አለበት። ልጁ ይጣል የሚለው የራሱን ክርስትና ነው፤ የእናቱንም ድምፅ። ይህን ያውቅ ይሆን? በየቤታችን ያለ የድሮ ካሴት እንዲህ ነው፤ ላዩ ላይ የፊልም ስም ተጽፎ ጭራው ላይ ሰርግ ይገኝበታል። ስለዚህ የትኛውም ካሴት እስከ መጨረሻው ሳይታይ አይጣል።

ስለ ሙቀቱ የሚሉት ልክ ነው። የካሴቱ ክር ቀጭን ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ ላይ የማግኔት ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ነው። ሙጫው ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይለሰልሳል፤ ከጊዜ በኋላ ዱቄቱ ይረግፋል። መተማ ደግሞ ሁለቱም አለ፦ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት፣ በክረምት እርጥበት። የቆርቆሮ ሣጥን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መጋገሪያ ነው። ካሴቶቹን ከሣጥኑ አውጥተው ከወለሉ ከፍ ባለ፣ ጥላና ነፋሻ ባለው ክፍል እንደ መጽሐፍ አቁመው ይደርድሯቸው፤ ከትልቅ ስፒከር ያርቋቸው። ጎንደር ከተማ ዘመድ ካለዎት ሁለቱን ካሴቶች ለታመነ ሰው ይላኳቸው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ለክር ከቆላው ይሻላል።

ከመላክዎ በፊት ግን በመስኮቱ በኩል ክሩን ይመልከቱ። ነጭ ሻጋታ ካዩበት ዴክ ውስጥ አይክተቱት፤ ክሩ ሊበጠስ ይችላል፤ ሻጋታውም ወደ ዴኩ፣ ከዴኩ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። የሚያጸዳ ባለሙያ ይፈለግለት። ንጹሕ ከሆነ በጀርባው በኩል ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ይስበሯት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተሳስቶ ሊቀዳበት አይችልም።

ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ፎቶ ቤት ካገኙ ሦስት ሰዓት ያለው ካሴት ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅ ይወቁት፤ በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን ለሚል ሰው አይስጡ። ካሴቱን መልሰው ይቀበሉ። የተገለበጠውን በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አይተዉት፤ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ልጅዎ ቤት ይቀመጥ። ደግሞ አይቆዩ። የመጨረሻው የዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረት አቁሟል፤ የሚሠራ ዴክ ያለው ፎቶ ቤት በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። የእርስዎም ዴክ አሁንም የሚዞር ከሆነ ሽጥልኝ የሚል ቢመጣ እሺ አይበሉ።

ፊልሞቹ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ክርስትናው።