ጉድለቱ የባትሪው አይደለም





በአዳማ፥ በወለንጪቲና በመተሐራ የቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖችና ላንድሮቨሮች ዛሬም ያገለግላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህማ ባለ ደመወዙ አሮጌ መኪናውን አጥብቆ ይዟል። ነገር ግን የብዙዎቹ መብራት ሲመሽ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፤ ባለቤቱም ባትሪውን ይወቅሳል። በቆላው ሙቀት ባትሪ ቶሎ ማለቁ እውነት ነው። ዳሩ ግን ባትሪ እየለዋወጡ መኖር በተሸነቆረ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው፤ ጉድለቱ ያለው በዲናሞው ላይ ነውና።

በልማድ ሁለቱንም ዲናሞ እንላቸዋለን እንጂ አሮጌው ዲናሞና አልተርኔተር አንድ አይደሉም። በአሮጌው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በሚሽከረከረው ጥቅል ላይ ስለ ሆነ ኃይሉ ሁሉ በካርቦኑ በኩል ያልፋል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራም የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው። በአልተርኔተር ግን የሚመነጨው በማይንቀሳቀሰው ክፍል በመሆኑ ፈጥኖ ሊሽከረከር፥ በሚኒሞም ባትሪ ሊሞላ ይችላል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ ካዋለው ወዲህ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከትለውታል። በ6 ቮልት የሚሠሩት የጥንት ቮልሶች ደግሞ ይብስባቸዋል፤ ባለ 45 ዋት ሁለት የፊት መብራቶች ብቻ 15 አምፔር ይፈጁባቸዋል፤ በ12 ቮልት ግን 7 ተኩል ይበቃ ነበር።

«መኪናዋ የፋብሪካ ይዞታዋን ታጣለች» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለኤግዚቢሽን ለምትቀመጥ መኪና መልካም አሳብ ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች በሚመላለሱበት፥ ባጃጅ፥ ጋሪና እግረኛ በጨለማ በሚተላለፉበት መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በአንዳንድ ጋራዦች አልተርኔተሩ ይታሰርና አሮጌው ሬጉላተርና ቀጭኑ ሽቦ እንደ ነበሩ ይተዋሉ። ቀጭን ሽቦ ያን ያህል ኃይል ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱም ቀልጦ እሳት ያስነሣል። ከቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮችም አንዳንዶቹ ፖዘቲቩ ከሻሲው ጋር የታሰረባቸው ናቸው፤ ይህ ሳይገለበጥ አልተርኔተር ቢገባባቸው ዳዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ለቦሎ የሚመረምሩ ጣቢያዎች መብራቱን ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ እንዲያዩት፥ ዲናሞው የተለወጠ መኪና ሲቀርብላቸውም ሽቦውን እንዲመለከቱ እጠይቃለሁ። ባለ መኪናውም ከጋራዥ ሳይወጣ መብራቱን አብርቶ ባትሪውን በቮልት መለኪያ ያስለካ። 14 ገደማ ካሳየ ሥራው ተሠርቷል፤ ከ12 ተኩል በታች ከሆነ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መካኒኩን ይጠይቅ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዳማ