ሲነር በዕድል ነው ወይስ በአቅም? ከ2025ቱ ዊምብልደን የተረፈው ክርክር

እ.ኤ.አ ጁላይ 13 ቀን 2025፣ ዕለቱ እሑድ ነው። ብዙው የእግር ኳስ አፍቃሪ ቴሌቪዥን ፊት ቦታ የያዘው ለቼልሲና ለፓሪ ሰን ዠርማ ነበር። የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። ቀደም ብሎ የመጣ ሰው ግን ስክሪኑ ላይ ያገኘው ኮል ፓልመርን ሳይሆን ነጭ በነጭ ለብሰው ሣር ላይ የሚራወጡ ሁለት ወጣቶችን ነው። ጣሊያናዊው ያኒክ ሲነርና ስፔናዊው ካርሎስ አልካራዝ ለንደን ሴንተር ኮርት ላይ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሲፋለሙ ቆይተው፣ ሲነር 4ለ6፣ 6ለ4፣ 6ለ4፣ 6ለ4 አሸንፎ ወርቃማውን ዋንጫ ሲስም የእኛ ሰዓት 3 አልፎ ነበር። ከዚያማ ፓልመር ተራውን ተቀብሎ ሁለት አገባ፣ ዣኦ ፔድሮ አንድ ጨመረ፣ ቼልሲም 3ለ0 ዋንጫውን ወሰደ።

የቼልሲው ድል በውጤቱ ስፋት የተነሳ ለክርክር ብዙም አልተመቸም። የቴኒሱ ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላም አላበቃም። የቴኒስ ደጋፊ ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ እንጆሪ በክሬም እየበላ የሚያጨበጭብ ነው የሚል ሰው ካለ አልተዋወቁም ማለት ነው። ለአንድ ትኬት ሲል ዊምብልደን ፓርክ ውስጥ ድንኳን ተክሎ የሚያድር፣ የሲነርን ቀይ ፀጉር ለማድነቅ የካሮት ልብስ ለብሶ ስታዲየም የሚገባ ደጋፊ እኮ ነው። ክርክሩም የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊ ከሚያደርገው አይተናነስም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ቴኒስ የሚከፋፈልበትን ክፍል እንደ አነጋገሩ ‹ሴት› ብለን ብንጽፈው ከሴቶች ውድድር ጋር እየተምታታ ያስቸግረናል፤ ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ‹ሰት› ብለነዋል።

የክርክሩ ዋና መነሻ ፍጻሜው አይደለም። ከፍጻሜው ስድስት ቀን በፊት፣ ሰኞ ጁላይ 7 ቀን በአራተኛው ዙር ሲነር የ34 ዓመቱን ቡልጋሪያዊ ግሪጎር ዲሚትሮቭን ገጠመ። ከግጥሚያው በፊት ሲነር ይቸገራል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ የታየው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዲሚትሮቭ በአንድ እጁ ባክሃንድ ኳሷን እየቆረጠ ዝቅ አድርጎ ይልካታል፤ ሣር ላይ እንዲህ የተቆረጠች ኳስ አትነሳም፣ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። ረጅሙ ሲነር በየጊዜው ጉልበቱን አጥፎ ጎንበስ እያለ ለመመለስ ተገደደ። በዚያ ላይ በጨዋታው መጀመሪያ ወድቆ ክርኑን ተጎድቷል። ዲሚትሮቭ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰቶች 6ለ3 እና 7ለ5 ወሰደ። ሦስተኛው ሰት 2ለ2 ላይ እያለ ሰርቭ መታና በቀኝ ደረቱ በኩል ያለውን ጡንቻ ይዞ መሬት ላይ ወደቀ። መቀጠል አልቻለም፤ እያለቀሰ ወጣ። በተከታታይ በአምስተኛ ግራንድ ስላም ጨዋታ ማቋረጡ ነበር። ሲነር መረቡን ዞሮ ሄዶ አጽናናው፤ በኋላም ይህንን እንደ ድል እንደማይቆጥረው ተናገረ።

እንግዲህ አንደኛው ወገን የሚለው ይኸው ነው፦ «ዲሚትሮቭ ባይጎዳ ሲነር ሰኞ ማታ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። ዋንጫው የዕድል ነው።» በተለይ የአልካራዝ ደጋፊዎች ይህቺን ነገር ጥርሳቸው ውስጥ አስገብተው አይለቋትም።

ለእኔ ግን ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ንዴት ነው። ሲነር በዚያ ቀን እየተበለጠ እንደነበር የሚክድ ካለ ጨዋታውን አላየውም። ነገር ግን ሁለት ሰት መምራት ማሸነፍ ከሆነ የፓሪሱ ዋንጫ የማን ነበር? ከዊምብልደኑ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጁን 8 ቀን 2025 በሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ሲነር አልካራዝን ሁለት ሰት ለዜሮ መርቶታል። በአራተኛው ሰትም 5ለ3 እየመራ፣ በአልካራዝ ሰርቭ 40ለ0 በልጦ ሦስት የዋንጫ ነጥቦች በእጁ ገብተው ነበር። ሦስቱንም አጣቸው። አልካራዝ ከሞት ተነስቶ 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በፈጀ ፍልሚያ፣ በሮላንድ ጋሮስ የፍጻሜ ታሪክ ረጅም በሆነው ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደበት። እ.ኤ.አ በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሚላን ሊቨርፑልን ለዕረፍት ሲወጡ 3ለ0 ይመራ እንደነበር የሚያስታውስ የኳስ ሰው ይህቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የፓሪሱን ድል «ተአምር» ብሎ ያወደሰ የአልካራዝ ደጋፊ፣ ለንደን ላይ ሲደርስ ሁለት ሰት የመራ ሁሉ አሸናፊ ነው ሊለን አይችልም።

ከዲሚትሮቭ በኋላ የሆነውን ደግሞ እንይ። ሲነር በሩብ ፍጻሜ ኃይለኛ ሰርቭ ያለውን አሜሪካዊ ቤን ሼልተንን አንድ ሰት ሳይሰጥ አሰናበተ። በግማሽ ፍጻሜ ስምንተኛ የዊምብልደን ዋንጫ ፈልጎ የመጣውን የ38 ዓመቱን ኖቫክ ጆኮቪችን 6ለ3፣ 6ለ3፣ 6ለ4 ረታው። እርግጥ ጆኮቪች በሩብ ፍጻሜው መጨረሻ ላይ ክፉኛ ተንሸራቶ ወድቆ ስለነበር በሙሉ አቅሙ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ሰውዬው ሲሮጥ ያየ ደግሞ አይፈርድባቸውም። ፍጻሜው ላይ ግን ማመካኛ የለም።

ፍጻሜውን ሲነር የጀመረው የፓሪሱን ቁስል ይዞ ነው። ከዚያ ቀደም በአልካራዝ አምስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፏል። አልካራዝ ደግሞ 24 ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የመጣው፤ በግራንድ ስላም ፍጻሜም አምስት ገብቶ አምስቱንም አሸንፏል። በመጀመሪያው ሰት ሲነር 4ለ2 መርቶ አልካራዝ አራት ጌም በተከታታይ ነጠቀውና 6ለ4 ሲሆን ሁላችንም «አበቃ፣ ፓሪስ ተደገመች» ብለን ነበር።

ልዩነቱ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ሲነር ድምፁን ሳያሰማ፣ ራኬት ሳይወረውር ወደ ሥራው ተመለሰ። የአልካራዝ የመጀመሪያ ሰርቭ በዚያ ቀን አልታዘዘም፤ ሁለተኛውን ሰርቭ ሲጠቀም ሲነር ወደፊት ገፍቶ ይጠብቀውና ኳሷን ከእግሩ ሥር ይመልስለታል። ኳስ ስታጥር ድሮፕ ሾት፣ ስትረዝም በመስመር ጥግ እያለ ተመልካቹን የሚያዝናናው ስፔናዊ ለመፈልሰፍ ጊዜ አጣ። አራተኛው ሰት 4ለ3 ላይ ሲነር በራሱ ሰርቭ 15ለ40 ተመርቶ ነበር። እዚያ ላይ ቢሰበር ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነው። አልተሰበረም። ሁለቱንም አዳናቸውና በመጀመሪያው ባይሆንለትም በሁለተኛው የዋንጫ ነጥብ ጨረሰው። በዊምብልደን ነጠላ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። (በመሀል ከተመልካች የተፈታ የሻምፓኝ ቡሽ በርሮ ሰርቭ ሊመታ ካለው ሲነር አጠገብ ወድቆ ነበር። ኳስ ሜዳ ቢሆን ስንት ሺህ ፓውንድ ቅጣት በተጻፈ!)

የሲነር ተቃዋሚዎች ሌላም ነገር ያነሳሉ። በዚያው ዓመት ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ መጀመሪያ ክሎስቴቦል በተባለው የተከለከለ ንጥረ ነገር ምክንያት ለሦስት ወር ታግዶ ነበር። የዓለም አቀፉ ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ሆን ብሎ ለማጭበርበር እንዳልወሰደው ተቀብሏል፤ ዕገዳው የተጣለው አብረውት ይሠሩ በነበሩ ሰዎች ጥፋት እሱም ኃላፊነት ስላለበት ነው። ዕገዳው ግን አንድም ግራንድ ስላም አላሳለፈውም። «ለሌላው ተጫዋች ቢሆን እንዲህ ይመቻች ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዕድሉ ጥያቄ ይልቅ ክብደት ያለው ይመስለኛል፤ መልስ መስጠት ያለባቸው ግን ሕጉን የሚያስፈጽሙት ናቸው፣ ሜዳ ላይ ኳስ የሚመታው አይደለም።

አሁን ደግሞ እኛን የኳስ ሰዎችን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ። ዊምብልደን 147 ዓመት የቆዩትን የመስመር ዳኞች በ2025 አስወጣ። እነዚያ ሽክ ብለው ለብሰው ጎንበስ ብለው «አውት!» እያሉ የሚጮሁት ሰዎች ቦታ በካሜራና በተቀዳ ድምፅ ተተካ። ማሽኑ አይሳሳትም ተባለ። እሑድ ጁላይ 6 ሴንተር ኮርት ላይ ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ፓቭሊዩቼንኮቫ ከእንግሊዟ ሶናይ ካርታል ጋር ስትጫወት፣ በመጀመሪያው ሰት 4ለ4 ላይ ጌሙን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ቀርቷት ሳለ ካርታል የመታችው ኳስ በግልጽ ከመስመር ወጣ። ማሽኑ ዝም! ዋናው ዳኛ ጨዋታውን አቁሞ ስልክ ደወለ፣ ከዚያም ነጥቡ ይደገም አለ። ተደገመ፤ ፓቭሊዩቼንኮቫ ነጥቡንም ጌሙንም አጣች። ጌሙን ሰረቃችሁኝ ብላ ዳኛው ላይ ጮኸች፣ ተጋጣሚዬ የአገሩ ልጅ ስለሆነች ነው እስከ ማለትም ደረሰች።

በኋላ ሲጣራ ማሽኑ አልተሳሳተም ነበር፤ ጠፍቶ ነበር! ሲስተሙን የሚቆጣጠር ሰው በስህተት የሜዳውን አንድ ክፍል አጥፍቶት ኖሯል። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠየቁና ሰው በእጁ ሊያጠፋው የሚችልበትን መንገድ ዘጉት። እንግሊዛውያኑ ኤማ ራዱካኑና ጃክ ድሬፐርም በማሽኑ ፍርድ እንደማይተማመኑ በዚያው ውድድር ተናግረዋል።

ቫር ሲመጣ የሰማነው ተስፋና ያገኘነው ጣጣ ከዚህ ምን ይለያል? ቫርም ቢሆን ከስክሪኑ ጀርባ ሰው አለ፤ ለዓመታት መስመር የሚያሰምረውም ሰው ነበር። ነገር ግን እኔ የመስመር ዳኛ ይመለስ ከሚሉት ጋር አይደለሁም። የሰው ዓይን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ መስመር ነካች አልነካች ብሎ ሲወስን ከማሽን በላይ ይሳሳታል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ዋናው ዳኛ ያቺን ኳስ ስትወጣ በዓይኑ ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ነጥቡ የፓቭሊዩቼንኮቫ ነው ብሎ ለመወሰን ግን አልደፈረም። ማሽን ሲገባ ዳኛው አብሮ ከጠፋ ችግር ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ልጅቷ ጨዋታውን 7ለ6፣ 6ለ4 አሸነፈች። ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ባልበረደ።

የቆዩት ደጋፊዎች ደግሞ በዚህ ሁሉ አይገረሙም። ለእነሱ ዊምብልደን የሞተው እ.ኤ.አ በ2001 ነው። በዚያ ዓመት ሣሩ ተቀይሮ ሙሉ በሙሉ ራይግራስ የሚባለው ዓይነት ሆነ። ሣሩ ጠንክሮ እንዲቆይ ነው ተባለ፤ ኳሷ ግን ከበፊቱ ከፍ ብላ መንጠር ጀመረች። ፒት ሳምፕራስና ጎራን ኢቫኒሴቪች ሰርቭ መትተው ወደ መረብ የሚሮጡበት ጨዋታ እየጠፋ መጣ፤ በ2002 ፍጻሜ ላይ ሌይተን ሂዊትና ዴቪድ ናልባንዲያን ከኋላ መስመር ቆመው ተጫወቱ። ለማመን የሚከብድ ካለ በሁለተኛው ሳምንት ሣሩን ይመልከት፤ ድሮ መረብ አካባቢ የሚላጠው አሁን የሚላጠው ኋላ መስመሩ ላይ ነው። ሣሩ ብቻ ግን አይደለም፤ ራኬቱም ክሩም ተለውጧል። ደግሞስ የድሮው ባይለወጥ በ2008 ናዳልና ፌዴረር እስኪመሽ 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ የተጫወቱትን መቼ እናይ ነበር?

የሴቶቹን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅሬታ ይኖራል። ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽቪዮንቴክ «ሣር አይሆንላትም» ስትባል ኖራ በ2025 ፍጻሜ አሜሪካዊቷን አማንዳ አኒሲሞቫን 6ለ0፣ 6ለ0 በ57 ደቂቃ አሸነፈች። በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ውጤት ከ1911 ወዲህ አልታየም። ብዙው ሰው በአኒሲሞቫ ሳቀ። ልጅቷ በ2023 የአእምሮ ድካም በዝቶባት ቴኒስ አቁማ የነበረች፣ በ2024 ለዊምብልደን በማጣሪያ የወደቀች፣ በግማሽ ፍጻሜ ግን የዓለም አንደኛዋን አሪና ሳባሌንካን የጣለች መሆኗን የሳቀው ሰው ዘነጋው። ሁለት ወር ሳይሞላ በዩኤስ ኦፕን ሩብ ፍጻሜ ያቺኑ ሽቪዮንቴክን 6ለ4፣ 6ለ3 አሸነፈቻት።

በዚያው ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደግሞ አልካራዝ ሲነርን 6ለ2፣ 3ለ6፣ 6ለ1፣ 6ለ4 ረትቶ የዓለም አንደኝነቱን ነጠቀው። የአልካራዝ ደጋፊዎች «አላልናችሁም?» ብለው ተነሱ። የሲነር ደጋፊዎች መልስ አጭር ነው፤ ያ የኒውዮርክ ሜዳ ጠንካራ ወለል ነው። እስከ 2025ቱ ዊምብልደን ድረስ ሁለቱ ሣር ላይ የተገናኙት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በ2022 አራተኛ ዙር፣ አንዱ በዚህ ፍጻሜ። ሁለቱንም ያሸነፈው ሲነር ነው።