ቅንጣቱን አትንኩት

ጥንታዊቷ የጣሊያን ከተማ ፖምፔ በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው እ.ኤ.አ. በ79 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በጥቅምት 1971 አራት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች በፍርስራሿ መካከል ባለው ጥንታዊ አምፊቲያትር ውስጥ የድምፅ ማጉያዎቻቸውን ደረደሩ። አንድ ትኬት ሳይሸጥ ለባዶ የድንጋይ መቀመጫ ተጫወቱ። ባንዱ ፒንክ ፍሎይድ፣ ዳይሬክተሩ አድሪያን ሜበን ነበር። ፊልሙ በማግስቱ ዓመት ታየ። ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከቅጂ ቅጂ እየተገለበጠ፣ ቀለሙ እየገረጣ፣ ድምፁ እየታፈነ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ በሚያዝያ 2025 ታድሶ ወደ ሲኒማ ቤቶች ትልልቅ መጋረጃ ተመለሰ።

የዚህ ዝግጅት ክፍል በእድሳቱ ላይ ያለውን ፍርድ ሳያድበሰብስ ይናገራል፤ ሥራው የሚመሰገን ነው። የምናመሰግነው ግን ፊልሙ ትናንት የተቀረጸ ስለመሰለ አይደለም። እንዲያውም አይመስልም። ዕድሜውን ሳይደብቅ ነው የጠራው፤ ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከመጋዘን ነው። የባንዱን የእድሳት ሥራ የምትመራው ላና ቶፓም ለዓመታት ስትፈልገው የኖረችው ዋናው የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ የተገኘው በራሱ በባንዱ ማኅደር ውስጥ፣ ጽሑፋቸው በማያስተማምን አምስት የፊልም ቆርቆሮዎች ውስጥ ነበር። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በዝምድና እናስረዳ። ኔጋቲቩ አባት ነው። ከእሱ የሚታተመው ቅጂ ልጅ ነው፤ ከልጁ የሚገለበጠው የልጅ ልጅ። በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ ጥላው ይጠቁራል፣ ብርሃኑ ይነጣል፣ መካከል ያለው ዝርዝር ይሞታል። በቪዲዮ ካሴት ያየነው የፖምፔ ፊልም ከአባቱ ብዙ ትውልድ የራቀ ነበር። ባለሙያዎቹ ኔጋቲቩን በ4ኬ ጥራት ስካን አድርገው ጭረቱንና አቧራውን ፍሬም በፍሬም አነሡ። የድምፁን ሚክስ ስቲቨን ዊልሰን እንደ አዲስ ሠራው። አሁን ሮጀር ዋተርስ ትልቁን ጎንግ ሲመታ በግልጽ ይታያል። የዴቪድ ጊልሞር ጣቶች በጊታሩ ክር ላይ ሲንቀሳቀሱ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ የሪቻርድ ራይት ከንፈር ለዘፈን ሲከፈት ይለያል። ራይት በ2008 አርፏል፤ ፊቱን ለማያውቅ ትውልድ ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ነገር አልነኩም፤ የፊልሙን ቅንጣት።

በሴሉሎይድ ላይ ምስል የሚሠሩት ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ናቸው። በቀለም ፊልም ላይ ብሩ በእጥበት ይወጣና በቦታው የቀለም ነጥብ ይቀራል። መጋረጃው ላይ ሲንቀጠቀጥ የምናየው ያ እንደ አሸዋ የሚፈላ ነገር ከውጭ መጥቶ የተጣበቀ ቆሻሻ ሳይሆን ምስሉ የተሠራበት ሥጋ ነው። የብራና መጻሕፍታችንን በእጁ የገለጠ ሰው ይህን ያለ ብዙ ትምህርት ይረዳዋል። በደህና በተፋቀ ብራና ላይ እንኳ የፍየሉ ጠጉር የበቀለበት ቀዳዳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በላዩ የተንጠባጠበው የጧፍ ሰም፣ የጢሱ ጥላሸት፣ አይጥ የቀረጠፈው ጠርዝ ጉዳት ናቸው፤ ይነሣሉ፣ ይጠገናሉ። የጠጉሩን ነጥብ አጠፋለሁ ብሎ መፋቂያ የሚያነሣ ግን ፊደሉንም ይዞ ይሄዳል። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች በቅንነት፣ እናሳምር በሚል ሐሳብ፣ በደማቅ የሱቅ ቀለም ተሸፍነው ያየን ሰዎች ይህን ስንጽፍ ስለ ባዕድ አገር ብቻ እየጻፍን እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልን።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ሌላው ታላቅ እድሳት ስንሄድ ፍርዳችን ለሁለት ይከፈላል። ዳይሬክተሩ ማይክል ሊንዚ ሆግ በጥር 1969 የቢትልስን ባንድ በለንደን ሲቀርጽ ወደ 60 ሰዓት የሚጠጋ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልምና ከ150 ሰዓት የማያንስ ድምፅ አከማችቶ ነበር። የቀረጻው ከፍተኛ ነጥብ ጥር 30 ቀን፣ ሳቪል ሮው መንገድ ላይ ባለው የድርጅታቸው ሕንጻ ጣሪያ ላይ በተደረገው የ42 ደቂቃ ያህል ኮንሰርት ነው፤ አራቱ በአንድነት ለሕዝብ ጆሮ የተጫወቱበት የመጨረሻው ቀን። ከዚያ ክምችት በ1970 የወጣው "ሌት ኢት ቢ" ፊልም ጨለማና ድብዝዝ ነበር። ኒውዚላንዳዊው ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ያንኑ ክምችት ተቀብሎ ዓመታት ከደከመበት በኋላ በኅዳር 2021 ወደ ስምንት ሰዓት የሚጠጋውን "ጌት ባክ" አወጣ።

ጃክሰን ያደረገውን ውለታ አንክድም። አራት ጓደኛሞች ሲሠሩ፣ ሲሰለቹ፣ ሲሳሳቁ፣ ቁርስ ሲበሉ፣ አንድ ዘፈን ከምንም ተነሥቶ ሲወለድ በእነሱ መካከል ተቀምጦ የማየት ዕድል ሰጥቶናል። ምስሉ ላይ ግን እጁ ከብዷል። 16 ሚሊ ሜትር ጠባብ ፊልም ስለሆነ ሲተልቅ ቅንጣቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ጃክሰን ቅንጣቱን በኮምፒዩተር አለሰለሰው። ቅንጣቱ ሲወጣ የቆዳው ቀዳዳ፣ የጺሙ ፍንጣቂ፣ የሱፍ ኮቱ ሽመና አብረው ወጡ። በቅርብ በተነሡ ፊቶች ላይ ጉንጩ ሰም የተቀባ ይመስላል። የ1969 ሰዎች በ2021 የስልክ ካሜራ የተነሡ መሰሉ። ይህ ስህተት ነው እንላለን፤ ሥራውን ስለምንወደውም አጥብቀን እንላለን። ራሱ "ሌት ኢት ቢ" በግንቦት 2024 ታድሶ ሲወጣ ቅንጣቱ በይበልጥ ተጠብቆ ታይቷል። ሁለቱ የወጡት ከአንድ ክምችት ነው። ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው የትኛው ፊልም እንደሚተነፍስ ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም።

በድምፁ በኩል ነገሩ ይረቅቃል። አብዛኛው የልምምድ ድምፅ የተቀዳው በአንድ መስመር፣ ሁሉ በአንድ ላይ ተደባልቆ ነው። የጃክሰን ባለሙያዎች የጊታር ድምፅ ምን እንደሚመስል፣ የሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል ለማሽን አስተምረው አንዱን ከሌላው አላቀቁት። የሌለ ድምፅ አልፈጠሩም፤ የነበረውን ለዩት። እስከዚህ ድረስ እድሳት ነው፣ እንደግፈዋለን። ችግሩ ጃክሰን ራሱ በቃለ መጠይቅ ካነሣው ነገር ይጀምራል። ሙዚቀኞቹ የግል ወሬ ሲያወሩ ካሜራው እንዳይሰማቸው ብለው ጊታራቸውን ጮክ አድርገው ይከረክሩ ነበር። ማሽኑ ያንን የጊታር ድምፅ አነሣና ከሥሩ የተሸሸገውን ወሬ አወጣው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ጆን ሌኖንና ጆርጅ ሃሪሰን፣ አሁን አፈር ለብሰዋል፤ እሺም እንቢም አይሉም።

ሌላም አለ። ሃሪሰን ቡድኑን ጥሎ በወጣበት ሰሞን ሊንዚ ሆግ በስቱዲዮው ምግብ ቤት የአበባ ማሰሮ ውስጥ ማይክሮፎን ደብቆ የሌኖንንና የፖል ማካርትኒን ንግግር ቀድቶ ነበር። የሳህንና የሹካ ድምፅ ውጦት ስለነበር በፊት የሚረባ ነገር አልነበረውም፤ አዲሱ ቴክኖሎጂ አዳነው። ታሪኩ እጅግ ውድ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሦስተኛውን እንዴት እንዳቆሰሉት እርስ በርሳቸው ሲናዘዙ መስማት ነው። ፊልሙ ድምፁ ከየት እንደመጣ በጽሑፍ ለተመልካቹ መናገሩ ተገቢ ነበር። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሸሸጉት ድምፅ በማሽን ሲገለጥ፣ ያ የጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ሥራ እንጂ የጠጋኝ ሥራ ስላልሆነ፣ በእድሳት ስም ሳይነገር ማለፍ የለበትም።

ዋናው የሚባለው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ቢትልስ ነሐሴ 15 ቀን 1965 በኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ጩኸቱ ሙዚቃውን ዋጠው። በጥር 1966 በለንደን ስቱዲዮ ገብተው የድምፁን ክፍሎች እንደገና ተጫወቱ፤ በቴሌቪዥን የታየው ፊልም በዚህ የተደገፈ ነው። ሜበንም በ2003 የራሱን የፖምፔ ፊልም በኮምፒዩተር በተሠሩ የከተማዋና የጠፈር ምስሎች አስጊጦ አወጣው። የሠራ ሰው ሥራውን ደግሞ የመሥራት መብት አለው፤ አንከራከርም። የሼይ ስታዲየሙ ፊልም ከነስቱዲዮ ድምፁ የ1966 ሰነድ ነው፤ የዚያ ቀን እርቃን ድምፅም የ1965 ሰነድ ነው። ሁለቱም ይቀመጡ። የምንቃወመው አዲሱ አሮጌውን ከገበያ አውጥቶ ብቻውን ሲቀር ነው። የ2025ቱ እድሳት የ2003ቱን ጌጥ ትቶ ወደ ቀደመው ፊልም መመለሱ፣ በእኛ ዓይን፣ ከቀለሙ መጥራት የበለጠ ዋጋ አለው።

ለዚህ ሁሉ ሕግ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የጥንታዊ ሕንጻ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል፤ አዲስ የገባው አካል ከነባሩ ጋር እየተስማማ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበትም ይጨምራል። ፊልሙ የተቀረጸበት አምፊቲያትር ከዚህ ሕግ አይወጣም። ድንጋዩ የሚጠበቅበት ሕግ በድንጋዩ ላይ ለተነሣው ምስል ለምን ይነፈጋል? ዛሬ ማሽን የጎደለውን ፊት ከሌላ ሰው ፊት ገምቶ ይሞላል፤ ያልተቀረጸውን ጣት ይሥላል። የመብት ባለቤቶችና አሳታሚዎች በእያንዳንዱ የታደሰ ፊልም ላይ ምን እንደተጠረገ፣ ምን እንደተለየ፣ ምን በግምት እንደገባ ለተመልካች ይጻፉ። ያልተነካው ስካን ተመራማሪ በሚደርስበት ማኅደር ይቀመጥ። ኔጋቲቩ ስካን ስለተደረገ ብቻ አገልግሎቱ አበቃ ተብሎ አይጣል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገው ስካን ዛሬ ለማንም እንደማይበቃ ሁሉ የዛሬውም ነገ አይበቃም።

መጣልን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜበን እንደተናገረው ከፖምፔ ቀረጻ በፊልሙ ውስጥ ሳይገባ የቀረው ኔጋቲቭ፣ 548 ቆርቆሮ፣ በፈረንሳይ በአንድ ማኅደር መደርደሪያ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ተቃጥሏል። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እሳት በበላት ከተማ የተቀረጸ ፊልም መልሶ ለእሳት መሰጠቱ ልብ ይሰብራል። ከመጠን በላይ የተለሰለሰን ፊት ነገ ሌላ ሰው ከኔጋቲቩ ተነሥቶ ሊያርመው ይችላል። ለተቃጠለው ግን እርምት የለውም። በፍርዳችን ክብደት ከሰጠን፣ ከጃክሰን ማለስለሻ ይልቅ የዚያ መደርደሪያ በደል ይከብዳል።

ከቀረጻው ሙዚቃዎች በአንዱ፣ ሌሎቹ አባላት የታዩባቸው ጥቅሎች በመጥፋታቸው፣ ካሜራው ከሞላ ጎደል ድራም መቺውን ኒክ ሜሰንን ብቻ ሲመለከት ይቆያል። መካከል ላይ አንዱ ዱላ ከእጁ ያመልጠዋል፤ ምቱን ሳያቋርጥ ሌላ ያነሣል። የ2025 አዳሾች ለጊልሞርም፣ ለዋተርስም፣ ለራይትም የሚሆን አዲስ ምስል አልፈጠሩም። የጠፋው እንደጠፋ ነው፤ ያመለጠው ዱላም ከነቅንጣቱ አሁንም ይታያል።