ዝናብ ያላስቆመው ጉዞ



የዚህ እትም ዐቢይ ጽሑፍ ወደ ሰሜን ስፔን ይወስዳችኋል። ከኢሩን ተነሥቶ የቢስካይን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እየታከከ፣ ሪባዴዮ ላይ ከባሕሩ ተለይቶ፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር ይገኝበታል ተብሎ ወደሚታመነው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚዘልቀው የተሳላሚዎች መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጸሐፊያችን የምትተርክልን የአንድ ዝናባማ ቀን ውሎ ነው። በዚያ ዳርቻ ዝናብ በበጋም አይጠፋም፤ ጭቃው እግር ይይዛል፣ በድንጋይ ላይ የተቀቡት ቢጫ ቀስቶች በጭጋግ ይደበዝዛሉ። ማታ በማደሪያው ጋዜጣ የተጠቀጠቀባቸው ርጥብ ጫማዎች ይደረደራሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ትኩስ ሾርባ ይካፈላሉ።

የመንገደኛ ጽናት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቀን ነው ብለን እናምናለን። እናንተም ተስላችሁ በእግር የሄዳችሁበትን መንገድ ጻፉልን።